ዮቱኤል ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ኦሪሻስ የሚባለው የኩባ የራፕ ቡድን ውስጥ ዮቱኤል የሚባል ዘፋኝ አለ። ስሙ ከኢዮኤልና ከሳሙኤል ጋር ስለሚመሳሰል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፈለግኩት፣ አጣሁት። ትርጉሙን የሚያውቅ አለ?

መልስ፦ እዚያ አታገኘውም። መጨረሻው ላይ ያለው "ኤል" እኛ የለመድነው፣ በዕብራይስጥ አምላክ ማለት የሆነው "ኤል" አይደለም። ንጹህ ስፓኒሽ ነው። ዮ "እኔ"፣ ቱ "አንተ"፣ ኤል "እሱ"። ሦስቱ ተውላጠ ስሞች ተገጣጥመው የልጅ ስም ሆኑ፣ በቃ።

እሱ ብቻ እንዳይመስልህ። ኩባ ውስጥ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተወለዱት ዘንድ፣ እንዲህ ዓይነት ስም ሞልቷል። ዳዬሲን ውሰድ፦ "ዳ" በሩሲያኛ፣ "የስ" በእንግሊዝኛ፣ "ሲ" በስፓኒሽ፣ ሦስቱም አዎ ማለት ናቸው። ልጅቷን በጠሯት ቁጥር ሦስት ጊዜ አዎ ይሏታል! እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ኡስናቢ የሚባልም አለ፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በእንግሊዝኛ የሚጻፍበትን "ዩ ኤስ ኔቪ" በስፓኒሽ አነባበብ ስታነበው የሚወጣው ነው። ጓንታናሞ ያለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር እዚያው ደሴቷ ላይ መሆኑን አትርሳ።

ድሮ ልጁ በተወለደበት ቀን የሚከበረውን ቅዱስ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፣ እኛም አገር የክርስትና ስም እንደሚወጣው። ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ተዳከመች፣ እንደ ዩሪ ያሉ የሩሲያ ስሞችም ገቡ፣ ወላጅ ደግሞ በራሱ ጆሮ ደስ ያለውን መፍጠር ጀመረ። በላቲኑ ዋይ የሚጀምሩት ስለበዙ (የቤዝቦል ተጫዋቾቹን ዮኤኒስን፣ ያሲኤልን፣ ዩሊዬስኪን እይ) ጋዜጠኛዋ ዮዋኒ ሳንቼዝ በ2007 የከፈተችውን ብሎግ "ትውልድ ዋይ" ብላዋለች።

ጥያቄ፦ በ2004 አቴንስ ላይ ወርቅ ያገኘው ቦክሰኛ ኦድላኒየርስ?

መልስ፦ ከኋላ ወደ ፊት አንብበው፣ ሬይናልዶ ይሆናል። ግን በላቲን ፊደል ጽፈህ ነው የምትገለብጠው። በእኛ ፊደል አይሠራም፤ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ሬይናልዶን ብትገለብጠው "ዶልናይሬ" ነው የሚወጣህ።

የወጣቶች ደሴት ላይ የተማራችሁ ኢትዮጵያውያን እዚህ ካላችሁ፣ አብረዋችሁ የነበሩትን የኩባ ልጆች ስም ጻፉልን፣ አንድ በአንድ እንፍታቸው።