ልጅ የተበደለበት ጉዳይ በሽምግልና ሊያልቅ ይችላልን?

ወለተ ጽዮን (ሜልቦርን)፦

ጤና ይስጥልኝ። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት እናት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ መዝሙር ከሚያስጠናው ሰው ጋር ብቻውን መቅረት እንደማይፈልግ፣ ምክንያቱን ስትጠይቀውም ለአፍ የሚከብድ ነገር እንደነገራት አጫወተችኝ። ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቀረብን። የደረሰን መልስ ግለሰቡ በሌላ ከተማ ወዳለ አጥቢያ እንደተዛወረ፣ ነገሩ በሽማግሌዎች እንደተያዘና ወላጆችም የቤተ ክርስቲያንን ገበና አደባባይ እንዳያወጡ የሚያሳስብ ነው። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተምም አለው፤ የልጁ ነገር ግን በአንድ ቃል እንኳ አልተነሣበትም።

ሽማግሌዎቹ የማከብራቸው አባቶች ናቸው፤ አንደኛው የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። የልጁ እናት ለንስሐ አባቷ ስታማክራቸው ደግሞ «በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም» ብለዋታል። በምንኖርበት አገር ተጠያቂው አድራጊው ብቻ ነውን? ወይስ ሰምቶ ዝም ያለውም፣ ያዛወረውም ይጠየቃል?

ነገረ ሕግ (ፉትስክሬይ)፦

እኅታችን፣ የእኔን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ እንኳ ሳይጠብቁ ለፖሊስ ይደውሉ። ማስረጃ ማጣራት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ የሰበካ ጉባኤውም ሥራ አይደለም።

ሜልቦርን በምትገኝበት የአውስትራሊያ ግዛት በቪክቶሪያ ሕግ፣ አንድ አዋቂ ሰው ከ16 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙን በበቂ ምክንያት እያመነ በቂ ሰበብ ሳይኖረው ለፖሊስ ያላሳወቀ ማንኛውም አዋቂ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ ቅጣቱም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። በድርጅት ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ አደጋው መኖሩን እያወቀ፣ ማስወገድም እየቻለ ቸል ካለ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ያንን ደብዳቤ የፈረሙት ሰዎች ማኅተሙን ሲያሳርፉ ስለ ማወቃቸው በገዛ እጃቸው ማስረጃ ሰጥተዋል። የንስሐውን ጉዳይ በተመለከተ፣ በቪክቶሪያ ካህናት ከ2020 ጀምሮ ልጅ መጎዳቱን የማሳወቅ ግዴታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ተመድበዋል፤ በኑዛዜ የተሰማውም ከግዴታው አልተለየም።

ይህ ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከሜልቦርን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በመኪና የምትርቀውን ባላራትን ያስታውሱ። ጄራልድ ሪድስዴል የተባለው የካቶሊክ ቄስ በዚያ ሀገረ ስብከት ከደብር ደብር ሲዛወር ኖሯል። ጳጳሱ ሮናልድ መልከርንስ ቢያንስ ከ1975 ጀምሮ ነገሩን ያውቁ እንደነበር፣ ከዚያም በኋላ ሰውየው ወደ ኤደንሆፕ፣ ቆይቶም ወደ ሞርትሌክ መመደቡን ሮያል ኮሚሽኑ፣ ማለትም በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰውን ወሲባዊ በደል የመረመረው የአውስትራሊያ መንግሥት ከፍተኛ መርማሪ ኮሚሽን፣ አረጋግጧል። የተመደበበት ደብር ምእመናን አዲስ አባት መጣልን ብለው ተቀበሉት፤ ልጆቻቸውንም ለቅዳሴ ረዳትነት ሰጡት። የእናንተ ሰበካ ጉባኤ «ተዛውሯል» ሲል የጻፈው ቃል ይህንኑ ነው።

የገንዘቡ ተጠያቂነት ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። በ2007 የጎረቤት ግዛት የኒው ሳውዝ ዌልስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጆን ኤሊስ በተባለ ተበዳይ ክስ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት በባለአደራዎች ስም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚከሰስ ሕጋዊ ሰውነት የላትም የሚል ውሳኔ ሰጥቶ ነበር፤ የሚሊዮን ዶላር ሕንፃ ያለው ተቋም ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ «የለም» ተባለ ማለት ነው። ቪክቶሪያ ይህን ቀዳዳ በ2018 በሕግ ዘጋችው። በኅዳር 2024 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቄስ ተቀጣሪ ስላልሆነ የባላራት ሀገረ ስብከት ቄሱ ለሠራው በደል በተዘዋዋሪ አይጠየቅም ሲል ወሰነ። ተቋሙ በራሱ ቸልተኝነት ግን አሁንም ይከሰሳል፤ ለዚህ ነው ማን፣ መቼ፣ ምን ሰማ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው። ደብዳቤውን ይጠብቁት።

ዘመንበሩ (ፐርዝ)፦

የተጻፈውን ሁሉ አከብራለሁ፤ ሆኖም በሐሰት ተከሶ ከአገልግሎት የተሰናበተ፣ ስሙም ሳይጸዳ የቀረ መምህር በዓይኔ አይቻለሁ። መጽሐፍም «ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር በቀር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል» ይላል። አባቶች ቀድመው ቢመረምሩት ምን ነውር አለው?

ዲያቆን ዘባላራት፦

ወንድሜ ዘመንበሩ፣ የጠቀሱት ቃል ቀጣይ ቁጥር «ሌሎቹ ደግሞ እንዲፈሩ፥ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው» የሚል ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን ስንተው ደስ አይልም። የሁለት ምስክር ሕግ ወዴት እንደሚያደርስም ታይቷል። ሮያል ኮሚሽኑ በ2015 ይህንኑ ሕግ የሚከተሉትን የይሖዋ ምስክሮችን ጉዳይ ሲመረምር፣ ድርጅቱ ከ1950 ጀምሮ 1,006 ተጠርጣሪዎችን በየመዝገቡ ይዞ ተገኘ። ከእነዚህ መካከል ድርጅቱ ለፖሊስ ያሳወቀው አንድም አልነበረም። ልጅን የሚበድል ሰው ምስክር ጠርቶ አይበድልም። በሐሰት ለተከሰሰውም ቢሆን ስሙን በትክክል ሊያጸዳለት የሚችለው የሠለጠነ መርማሪ እንጂ የሽማግሌ ቡራኬ አይደለም።

ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ደም ሲፈስ እንኳ ያስታርቃል። ነገር ግን የሚያስታርቀው ፊት ለፊት ተቀምጠው «ይቅር ብያለሁ» ወይም «አልልም» ሊሉ የሚችሉ ሰዎችን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በአባቶች ፊት «አልልም» ይላል ብዬ ማሰብ አልችልም። ተበዳዮች ለሮያል ኮሚሽኑ በግል ቃላቸውን ሲሰጡ የደረሰባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት እንደፈጀባቸው ተመዝግቧል። ይህ ልጅ ገና በአሥራ አንድ ዓመቱ መናገሩ፣ እናቱም ማመኗ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ባላራት በቅዱስ አሊፒየስ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሰዎች ለተበደሉት ልጆች መታሰቢያ ባለ ቀለም ጥብጣብ ማሰር ከጀመሩ ዓመታት አለፉ። ወደ ሥራ ስሄድ አልፌበት እሄዳለሁ፤ ዝናብ ያጠበው ነጭ የሆነም አለ፣ ትናንት የታሰረ የሚመስል ቀይም አለ። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የሠርግ ጌጥ መስሎኝ ነበር።

ወለተ ጽዮን፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከልጁ እናት ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጥተናል፤ የደብዳቤውንም ቅጂ አስረክበናል። መርማሪዋ ልጁን እኛ ደጋግመን እንዳንጠይቀው፣ ለሰበካ ጉባኤውም ሆነ ግለሰቡ ለተዛወረበት አጥቢያ እሷ ሳታነጋግራቸው እንዳንደውል አጥብቃ ነግራናለች። የልጄ የክርስትና አባት ማታ ደውለው ነበር፤ ስልኩን አላነሣሁትም። ግለሰቡ በተዛወረበት አጥቢያ ያሉ ወላጆች ምን እንደተነገራቸው ማሰቡ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።