የሚጥል በሽታና የልጆች እድገት፦ የበሽታውን ጉዳት ከመድኃኒቱ እንዴት እንለይ?

ጤና ይስጥልን። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች እድገት የሚከታተል ጥናት እየነደፍን አንድ ቦታ ላይ ተይዘናል። ትኩሳት ሲነሳባቸው ብቻ የሚንቀጠቀጡትን አናካትትም፤ የምንይዘው ያለ ግልጽ ቀስቃሽ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ፣ ቢያንስ ሁለቴ የጣላቸውን ነው።

ችግሩ ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ነው። በቀን በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም የሚወስድ ልጅ አንዱ ይፈዛል፣ ሌላው ይቅበጠበጣል። ኩቦችን ደርድር ሲባል ሁለት አነባብሮ እጁ የሚቆመው ከበሽታው ነው ከክኒኑ? ከፍ ያለ መጠን የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሞ የሚጥለው ልጅ ስለሆነ፣ መጠንን ከውጤት ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። ለማነጻጸር ብሎ ማቋረጥማ ጨርሶ አይታሰብም፤ በድንገት ሲቆም ሕይወት የሚያሳጣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ያሰብነው ሕክምናው ሳይዘገይ፣ የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት በዚያው ቀን መለካት፣ ከዚያ በ6ኛውና በ12ኛው ወር መድገም ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚመጡት ገና በጣላቸው ማግስት ነው፤ ድካሙ ሳይለቃቸው የሚገኘው ውጤት ዝቅ ይላል። እባካችሁ፣ ይህን የመጀመሪያ ልኬት በምን ታስተካክሉታላችሁ? ለማነጻጸሪያስ የትኛው ይሻላል፦ ቤቱን የሚጋራው ግን ዕድሜው የሚለየው ወንድም ወይም እህት፣ ወይስ እኩያ የጎረቤት ልጅ?