አዲስ አስተናጋጅ ስትቀጥሩ መጀመሪያ ምን ታስተምራላችሁ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ከዋናው አስፋልት ዳር ምግብ ቤት አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከአዲስ አበባ በሌሊት የተነሱ የደሴና የኮምቦልቻ አውቶቡሶች ለቁርስ ይቆሙልኛል። ቀን ላይ ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው።

ችግሬ አስተናጋጅ ነው። የሚመጡልኝ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ሥራም አይጠሉም። ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው አንዴ ሲገባ ይደነግጣሉ። ትዕዛዝ ይቀላቀላል፣ ሰው ሳይከፍል ይሄዳል። በቅርቡ አንድ መንገደኛ ጥብስ አዝዞ ሳይደርስለት መኪናው ሊነሳ ሆነ። ልጅቷ ላይ ጮኸባት። በማግስቱ አልመጣችም። ሌላ እቀጥራለሁ፣ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ።

አንዳንድ ሰዎች «የሰበሩትንና የጠፋውን ሂሳብ ከደመወዛቸው ቁረጪ፣ ያኔ ይነቃሉ» ይሉኛል። እውነት ይሠራል? እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮ አስተናጋጅ፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ ልጅነቴን በአስተናጋጅነት ነው የጨረስኩት። አሁን እዚሁ ከተማ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆችን የምመራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አዲሷን ልጅ መጀመሪያ ወጥ ቤት አስገቢያት። ትሪ ገና አታስይዣት። ከወጥ ሠሪዋ ጎን ትቁም። ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ? ጥብሱ የበግ ነው የበሬ? ፍርፍሩ ምን ያህል ይቆያል? ሁሉንም ትቅመሰው። ያልቀመሰችውን ምግብ ደንበኛ ሲጠይቃት «ቆይ ጠይቄ ልምጣ» ብላ ትሮጣለች። እሷ ስትመላለስ ሌላው ጠረጴዛ ይቆጣል። «ቀልጣፋ አይደለችም» የምንላት ልጅ ብዙ ጊዜ ስለ ምግቡ ማንም ያልነገራት ልጅ ናት።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ከጮኸ ጥብስ ለሚያዝ ሰው መልሱ እዚያው መሰጠት አለበት። «ጥብስ ይቆይብዎታል፣ ፍርፍር ወይም እንቁላል ግን ቶሎ ይደርሳል» ትበለው። ይህን አፏ እስኪለምደው ድረስ አስደግሚያት። ያ የጮኸው መንገደኛ ይህን ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ፍርፍሩን በልቶ በሰላም ይሄድ ነበር። የመንገደኛን ሂሳብ ደግሞ ምግቡን ስታቀርብ ትቀበል። የከተማውን ደንበኛ ግን እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፣ ይቀየማል። በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ስልኩን ለሚያሳይ «እሺ» ከማለቷ በፊት ካሸሯ ገንዘቡ መግባቱን ትይ።

ስለ ጾም አገራችን ውስጥ የሚነገረው የለም ትይኝ ይሆናል። ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ልጆቹ ከእናታቸው ያውቁታል። ማንኪያና ጭልፋ መለየት ግን የሥራ ልማድ ነው፣ ካላስተማርሻቸው አይመጣም። የፍስክ ወጥ የነካ ጭልፋ የጾም ሽሮ ውስጥ ከገባ ያ ሽሮ ለጾመኛ አይቀርብም። ደንበኛው ባያይም ሌላ ይሠራለት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ሰውየው አምኖን ነው የሚበላው።

ሌላው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥብስ በቀዝቃዛ ሳህን ከመጣ ጠረጴዛ ላይ ሳይቆይ ስቡ ይረጋል። ስለዚህ በሸክላው ከነፍሙ ይምጣ። ልጅቷም ሌላ ጠረጴዛ ጋ ቆማ ወሬ ሳትሰማ በቀጥታ ታድርሰው። የእጅ ማስታጠቢያው ውሃም ጠዋት ጠዋት ለብ ይበል። ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ሰው እጁ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሲፈስለት ፊቱ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ምግቡ ትንሽ ቢዘገይም ይታገሥሻል።

ከደመወዝ መቁረጡን ግን እባክሽ አታድርጊው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ አይቆርጥም። ወይ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ይፈቅዳል፣ ወይ ፍርድ ቤት ያዝዛል፣ ወይ ሠራተኛዋ በጽሑፍ ትስማማለች። ያኔም ከወር ደመወዟ ሲሶ አይበልጥም። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ የሚቆረጥባት ልጅ የሰበረችውን ብርጭቆ ትደብቃለች፣ የተሳሳተችውን ትዕዛዝም ትክዳለች። ምን እንደጎደላት ሳታውቂ ምኑን ታስተምሪያታለሽ? ደመወዛቸው ተቆራርጦ የትራንስፖርት ያጡ ልጆች ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅድልሻል፣ በጽሑፍ ይሁን እንጂ። ረጅም ጊዜ ነው፣ ተጠቀሚበት።

ከሸዋ ሮቢት፦

እህታችን ከላይ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የሥጋን ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ወደ ወሎ የሚያልፈው መንገደኛ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው። እናንተ ጋም የሚቆመው ያው ሰው ነው። አዲስ ልጅ ደንበኛ እንዳይሄድባት ብላ «ሥጋው ለሁሉም ይሆናል» ልትል ትችላለች። ይህ ከባድ በደል ነው።

ሥጋችሁ በክርስቲያን የታረደ ከሆነ ሲጠይቋት ሳታፍር «የክርስቲያን ነው» ትበል። ወዲያው ደግሞ ያለውን ሌላ ነገር ትንገራቸው፦ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፉል፣ ፓስታ በአትክልት። የሥጋ ቢላዋና መጥበሻ እንዳልነካው አረጋግጣ ነው ታዲያ። እኔ ቤት እውነቱ የተነገራቸው የኮምቦልቻ ሾፌሮች ዛሬም ሲያልፉ ሽሮ በልተው ነው የሚሄዱት።

አስተናጋጇ ከደብረ ሲና፦

እትዬ፣ እኔ እስካሁን በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ከእኛ ወገን ሆኜ ትንሽ ልበልዎት። ስጀምር ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነበር የሰጡኝ። እነሱን ስለምድ ጨመሩልኝ። አዲስ ልጅ አዳራሹን በሙሉ ከሰጧት ማን ምን እንዳዘዘ አትይዝም።

ስናጠፋ ይቆጡን፣ ግን ደንበኛ ፊት አይሁን። ደንበኛ ሲጮህብን ደግሞ እርስዎ ራስዎ መጥተው ያናግሩት። ማታ ጠጥቶ እጃችንን የሚይዝም አለ። አንዳንድ ባለቤት «ገበያ ነው፣ ቻይው» ይላል። እንዲህ የተባለች ልጅ አትቆይም፣ መቆየትም የለባትም። በመጀመሪያው ቀን «እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ ጥሪኝ» ቢሏት ልቧ ያርፋል።

የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አንብቤ ለወጥ ሠሪዬም አነበብኩላት። መቁረጡን ትቼዋለሁ። ነገ የምትጀምር ልጅ አለችኝ፣ ከወጥ ቤት ነው የማስጀምራት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ትዕዛዝ በቃል ይያዙ ወይስ ይጻፉ?

የድሮ አስተናጋጅ፣ ደብረ ብርሃን፦

ይጻፉ። የጠረጴዛው ቁጥር ከላይ፣ የጾም ከሆነ አጠገቡ «ጾ» ይባልበት። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ለወጥ ቤት፣ አንዱ ለካሸሯ። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሚስማር ምቺና ወረቀቱ በመጣበት ተራ ይሰካ።