ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350፦ የሚሸጠው ታሪኩ ነው ወይስ ሞተሩ?

መንገደኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በርሚንግሃም ነው። መንጃ ፈቃዴ ኤ2 ስለሆነ ከ35 ኪሎ ዋት በላይ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል መንዳት አልችልም። በሥራ ቀን የምነዳው ከተማ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ገጠር መውጣት እወዳለሁ። ጥቂት ገንዘብ ብጨምር ጉልበታቸው እጥፍ የሆነ የጃፓን ሞተሮች አገኛለሁ። ዐይኔ ግን ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350 ላይ ቀርቷል፤ ክብ የፊት መብራቱ፣ የእንባ ቅርጽ ያለው ታንከሩ፣ በርቀት የሚለይ ድምፁ። የምታውቁት ንገሩኝ፤ ከመልኩ በስተጀርባ እውነተኛ ነገር አለ ወይስ አዲስ ዕቃ አሮጌ ልብስ ለብሶ ነው?

ፈጣኑ፦
ወንድሜ፣ 195 ኪሎ ግራም ብረት በ20 ፈረስ ጉልበት ልታንቀሳቅስ ነው። በሞተርዌይ ላይ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ማስገደድ ሞተሩንም አንተንም ማድከም ነው። የጭነት መኪና ለመቅደም ስትፈልግ የሚቀርህ ጉልበት የለም። ለስም ብለህ ገንዘብህን አታውጣ።

ብሎን፦
በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ሥራዬ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተሮችን መፍታትና መግጠም ነው፤ የክላሲክ ቀዳሚ የሆነውን፣ ቡሌት የተባለውን የሮያል ኢንፊልድ ሞተር ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

የሮያል ኢንፊልድ ፋብሪካ የነበረው ከአንተ ከተማ በስተደቡብ፣ ሬዲች ውስጥ ነው። ሬዲች የመርፌ ሠሪዎች ከተማ ነበረች፤ ድርጅቱም ሥሩ ከመርፌ ሥራ ይመዘዛል። ከዚያ ብስክሌት ሠሩ፤ ለኢንፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካም መለዋወጫ ያቀርቡ ስለነበር ስሙን ከዚያ ወሰዱ። የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ቡሌት በ1932 መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ወደ 60 ኪሎ የምትመዝን 125 ሲሲ ሞተር ሠርተው ነበር፤ በብረት ቀፎ ታስራ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ትወርድ ነበር።

ዋናው ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። የህንድ ጦር ለድንበር ጥበቃ የሚሆን ሞተር ሲፈልግ 350ውን ቡሌት መረጠ። በ1955 ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ኢንፊልድ ኢንዲያ ተቋቋመ። መጀመሪያ ከእንግሊዝ የሚላከውን ይገጣጥሙ ነበር፤ በ1962 ግን እያንዳንዱን ዕቃ እዚያው ይሠሩ ጀመር። የሬዲች ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ፤ የቀረው የእንግሊዝ ሥራም በ1970 አበቃ። ልጁ ግን ቼናይ ውስጥ መኖሩን ቀጠለ። ሌሎቹን ስመ ጥር የእንግሊዝ ሞተሮች ተመልከት፤ አብዛኞቹ ከሞቱ በኋላ ስማቸው ተገዝቶ የተነሡ ናቸው። ቡሌትን ግን ፖሊሱም ወታደሩም ገበሬውም በየቀኑ ስለሚፈልጉት ማንም ሊያቆመው አልቻለም። በናፍጣ የሚሠራ ቡሌት እንኳ ነበር። ስለዚህ የምታየው መልክ ከሙዚየም ወጥቶ የተቀዳ አይደለም፤ እጅ በእጅ እየተቀባበለ የመጣ ነው።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። የድሮው 350 የሲሊንደሩ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 90 ነው። የዛሬው ክላሲክ 72 በ85.8 ነው። በሁለቱም ምልልሱ ከስፋቱ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞተር በዝግታ ሲዞር ነው ጉልበቱን የሚሰጠው፤ አዲሱ ከፍተኛውን የመጎተት ኃይሉን፣ 27 ኒውተን ሜትሩን፣ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ያወጣል። በገጠር መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጣ ማርሽ መቀነስ ሳያስፈልግህ ይጎትትሃል፤ እያንዳንዱን ፍንዳታም ለየብቻው ትሰማዋለህ። ፈጣኑ የተናገረው ቁጥር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንዴት እንደሚጎትት አልነገረህም። መንገድህ በአብዛኛው ሞተርዌይ ከሆነ የእሱን ምክር ስማ። ካልሆነ ግዛ።

መንገደኛው፦
ጋሼ ብሎን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አሮጌውን ብገዛስ? በካርቡራተር የሚሠራ አንድ ቡሌት ሲሸጥ አይቻለሁ።

ብሎን፦
አሮጌው ጊዜህን ይፈልጋል። ለማስነሣት መርገጫውን ቀስ ብለህ ወደ ታች ስትገፋ መብራቱ አናት ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ ጠቋሚ መርፌ መሃል ትቆማለች፤ ፒስተኑ ወደ ጫፍ መቃረቡን የምትነግርህ እሷ ናት። ያኔ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ስበህ የታመቀውን አየር ታስተነፍሳለህ፤ መርገጫውን ጥቂት ገፍተህ ማንሻዋን ትለቃለህ፤ ከዚያ መርገጫውን ወደ ላይ መልሰህ በሙሉ ክብደትህ ትወርድበታለህ። ከቸኮልክ መልሶ ቁርጭምጭሚትህን ይመታሃል። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር ነው። እኔ ይህን ሁሉ እወደዋለሁ፤ ጠዋት ሥራ ለመድረስ ለሚቸኩል ሰው ግን አልመክርም። አዲሱ በአዝራር ይነሣል፣ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ ይመጥናል፣ ንዝረቱንም የሚቀንስ ማመጣጠኛ ዘንግ ውስጡ አለ።

የቼናዩ ተማሪ፦
ትምህርቴን የተከታተልኩት ቼናይ ነው። ጋሼ ብሎን ያልጠቀሱት አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ለመዘጋት ጥቂት ነበር የቀረው። ባለቤቱ አይከር የተባለ ኩባንያ ነው፤ በ2000 ሲድሃርታ ላል የተባለው የባለቤቶቹ ልጅ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እያለ ኃላፊነቱን ተረከበ። እሱ የመረጠው መንገድ ሌላ ፈጣን ሞተር መሥራት አልነበረም፤ መልኩን ጠብቆ ውስጡን ማደስ ነበር። ክላሲክ በዚያ መንገድ መጣ፤ በ2016 ሂማሊያን የተባለው ሞዴል፣ በ2018 ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ 650ዎች ተከተሉ። እዚያ አገር ወጣቱ በሰሜን ህንድ ወዳሉት የላዳክ ተራሮች ሲጓዝ የሚመርጠው ሮያል ኢንፊልድን ነው፤ አባቱ የነዳውን ሞተር መንዳት ለብዙው ኩራት ነው። በቡሌቱ ታንከር ላይ የምታየው ወርቃማ መስመርም በብሩሽ፣ በሰው እጅ የተሣለ ነው። ቀረብ ብለህ ካየኸው ቀለሙ የሚወፍርበትና የሚቀጥንበት ቦታ ታገኛለህ።

ብሎን፦
እውነት ነው፤ ላሉን ሳላነሣ መቅረት አልነበረብኝም። መንገደኛው፣ ከገዛህ በኋላ አንድ ነገር አደራ። በእንግሊዝ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የዚህ ሞተር ክሮም ደግሞ ብዙ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ እጠበው፤ ሙቅ ውኃ ጨውን ያባብሰዋል። ካቴናውን አድርቀህ ዘይት ቀባው፣ ማርሚታውን ከዝገት በሚከላከል ዘይት ወልውለው።