ለሴኔቱ የምናቀርበው የክረምት ተማሪዎች ሐሳብ፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ሰብሳቢ፦
ሰላም መምህራን፣ በጋ አስተማሪ፣ ክረምት የዲግሪ ተማሪ የሆናችሁ ሁሉ። የፈተና ወረቀት እያረማችሁ፣ ሮስተር እየሞላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰኔ ሳያልቅ ይቺን እንጀምራት። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዶርም ውስጥ ሻንጣ እየቆለፍን የተባባልነውን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ ግቢ ስንገባ ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት የሚቀርብ አንድ የጋራ ሐሳብ በእጃችን ይኑር ብለናል። እሮሮ አይደለም፣ ሐሳብ። እሮሮውን በየዓመቱ አሰምተናል፤ ጳጉሜን ሲመጣ ከእኛው ጋር ወደየወረዳው ይሸኛል።

ነገሩ ሲጠቀለል አንድ ነው። የምንተዳደርበት የአካዳሚክ ሕግ የተጻፈው ለመደበኛው ተማሪ ነው። እሱ በዓመት ሁለት ሴሚስተር አለው። አንዱ ላይ ቢሰናከል በሌላው ይነሣል። እኛ ያለችን አንዲት ክረምት ናት። ያቺ ካመለጠች ቀጣዩ ዕድል የዛሬ ዓመት ነው። ሕጉ ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንስማማ። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የአካዳሚክ ጉዳይ የሴኔት ሥራ ነው። ስለዚህ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ መጨቃጨቅ ይቅርብን። እሷ የተሰጣትን ነው የምትሠራው።

ማን ይጀምር?

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
እኔ ልጀምር፤ ስሊፔ፣ የኮርስ ምዝገባ ወረቀቴ፣ እዚሁ ፊቴ አለ። አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት አወር። አጠገቡ ባለው ዓምድ ደግሞ 5 ኢሲቲኤስ ይላል። እስቲ ሁለቱንም በየተራ እንቁጠራቸው።

አንድ ክሬዲት አወር ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ለ16 ሳምንት። አንድ ኮርስ 48 ሰዓት መጣ። አምስቱ 240። የእኛ ክረምት በወረቀት 8 ሳምንት ነው። በሳምንት 30፣ በቀን 6 ሰዓት ክፍል መቀመጥ። ከባድ ነው ግን ይቻላል፤ ስንችለውም ኖረናል።

አሁን ወደ ኢሲቲኤሱ። እሱ የሚቆጥረው የአስተማሪውን ሰዓት አይደለም። ክፍል ውስጥም፣ ላይብረሪም፣ አሳይንመንት ላይም ተማሪው የሚያጠፋውን ጠቅላላ ሰዓት ነው። አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው። ትንሹን ልውሰድላችሁ፣ 25። አንድ ኮርስ 125 ሰዓት፣ አምስቱ 625። ለ8 ስታካፍሉት በሳምንት 78 ሰዓት። እሑድን ጨምሮ በቀን 11 ሰዓት ማለት ነው። ቅዳሴ የለም፣ ልብስ ማጠብ የለም፣ ልጅ ጋር መደወል የለም።

ገና አልጨረስኩም። የመጀመሪያው ሳምንት በምዝገባና በዶርም ፍለጋ ያልቃል። የመጨረሻው ፈተና ነው። የቀረው 6 ሳምንት ነው። 625ን ለ6 አካፍሉና ለየቀኑ መድቡት፦ 15 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

ይህን ተማሪዬ ቢያመጣልኝ «ልጄ፣ ደግመህ ሥራው» እለዋለሁ። እዚህ ግን ማኅተም ተመቶበታል።

ጸሐፊ፦
ይህ ስሌት እንዳለ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ምንም አትጨምርበት፣ ቅጽልም አያስፈልገውም።

ጋሼ (ታሪክ፣ 5ኛ ክረምት)፦
ልጆቼ፣ ይህ ኢሲቲኤስ የሚባለው ከየት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። በ2005 አካባቢ ሞጁላር የሚባለው፣ ኮርሶችን በጥቅል የማስተማር ሥርዓት መጣ ሲባል ነው አብሮ የገባው። የአውሮፓ ሥርዓት ነው። እዚያ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ነው። እኛ በአንድ ክረምት 25 እንወስዳለን። ለእነሱ ከአራት ወር የማያንስ ሥራ ነው። ለእኛ፣ እንግዲህ የሒሳቡ ልጅ እንዳለው ነው። ሥርዓቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። የመጣው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ እዚያው ቀረ።

ባዮሎጂ፣ 2ኛ ክረምት፦
ታዲያ ጥያቄያችን ኮርስ ይቀነስልን ነው? በአራት ኮርስ ከሄድን እኮ አምስቱ ክረምት ሊረዝም ነው።

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
በአምስት ክረምት 25 ኮርስ ነው የምንወስደው። በአራት በአራት ስናካፍለው ስድስት ክረምት ሞልቶ አንድ ኮርስ ይተርፋል። ሰባተኛ ክረምት ልንገባ ነው።

ባዮሎጂ፣ 2ኛ ክረምት፦
ሰባት! እኔ የለሁበትም። የዲግሪ ደመወዝ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይምጣ ነው የምትሉኝ?

ሰብሳቢ፦
አትቆጪ እህቴ፣ ማንም ሰባት አላለም። አራቱ በክረምት ይሁን፣ አምስተኛው በበጋ በሞጁል፣ ማለትም ለብቻችን አንብበን በምንማርበት መጽሐፍ ይሰጥ። ማንበብ የሚበዛባቸው፣ ላብራቶሪ የማይፈልጉ ኮርሶች አሉ። እነሱን ሞጁሉን ይዘን እንሄዳለን። ፈተናው የጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች ለሴሚስተር እረፍት ሲዘጉ ይሁን። አምስት ክረምቱ አይነካም።

ባዮሎጂ፣ 2ኛ ክረምት፦
እንዲህ ከሆነ እሺ። ላብራቶሪ ስትል ግን አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ስሊፕ ላይ ሦስት ሰዓት ላብ አንድ ክሬዲት ነው የሚቆጠረው። ባለፈው ክረምት ሦስቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ሆኖ አለቀ፤ አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥራ ምናምን ሰው። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስደፋ «በሉ ጊዜ አልቋል» ተባለ። የሽንኩርቱን ሴል አላየሁትም። ሪፖርቱን ግን ጽፌ ሰባት ከአሥር አገኘሁ።

እንግሊዝኛ፣ 3ኛ ክረምት፦
እኔም የራሴን ልናገር፤ ሁለተኛው ነጥባችን ከዚህ ስለሚወጣ።

በመጀመሪያው ክረምት ውጤቴ ቢ፣ ሲ ፕላስ፣ ሲ፣ ሲ ነበር። በአምስተኛው ኮርስ ቦርድ ላይ ከመታወቂያ ቁጥሬ ትይዩ ኤንጂ ተለጠፈ። ውጤት አልገባም ማለት ነው። አስተማሪው ጋ ስሄድ ለሌላ ሥራ ከከተማ ወጥተዋል። እኔም መስከረም ደረሰ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የማስተምርበት ቦታ ስልክ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። በእረፍት ሰዓት እየወጣሁ ደወልኩ። አንድ ቀን ዲፓርትመንቱ አነሣና «ራስሽ ቀርበሽ ፎርም ሙይ» አለኝ። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዳይሬክተሬ ደግሞ በሥራ ቀን አይለቀኝም።

የማስተካከያው ቀነ ገደብ አለፈና ኤንጂው በራሱ ጊዜ ኤፍ ሆነ። የሒሳቡ መምህር ይመስክር፦ የአምስቱን ኮርስ ነጥብ 28.5ን ለ15 ክሬዲት ስናካፍል 1.90። ዋርኒንግ፣ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ውስጥ ገባሁ። በቀጣዩ ሐምሌ የፈተና ወረቀቴ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሲ ነበር። በሲ ቢሠራ 34.5 ለ15፣ 2.30 ይመጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ግን ሰነፍ ተማሪ ሆኜ ከረምኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም። መምህርት ሆኜ ኤፍ አመጣሁ ብዬ ምን ልበለው?

ጸሐፊ፦
አይዞሽ እህቴ። ይህ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት በየክፍሉ ስንጠያይቅ ብዙ ሰው ዘንድ አለ። እንዲህ ብናስቀምጠውስ፦ ኤንጂ ወደ ኤፍ የሚቀየርበት ቀነ ገደብ ለክረምት ተማሪ ከሚቀጥለው ክረምት ምዝገባ በኋላ እንዲሆን፤ እስከዚያ ኮርሱ ከጂፒኤ (ከአማካይ ውጤት) ስሌት ውጭ እንዲቆይ። ፎርሙንም በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል በደብዳቤ መላክ ይፈቀድ።

እንግሊዝኛ፣ 3ኛ ክረምት፦
እሱ ነው። ከገባልኝ እግዜር ይስጥሽ።

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
ድጋሚ ፈተናውንም እዚያው ክተቱት። ለጥቂት የወደቀ ሰው ኮርሱን እንደገና ሳይማር ፈተናውን ብቻ ይድገም። መደበኛው በሚቀጥለው ሴሚስተር ይደግማል። እኛ ዓመት ከምንጠብቅ ያ የጥር መጨረሻ ፈተና ለዚህም ይዋል። አንድ ጉዞ፣ ሁለት ጉዳይ።

ባዮሎጂ፣ 2ኛ ክረምት፦
የወሊዱንስ? ሰኔ መጨረሻ የወለደች ሐምሌ ላይ ክፍል መግባት አትችልም። ዊዝድሮው አድርጋ ታቋርጣለች። ስትመለስ አብረዋት የጀመሩት ባች አልፏል፣ የጎደላት ኮርስ በዚያ ክረምት አይሰጥም። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት አስከፈለ ማለት ነው። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ሴቶች ሁለቱ በዚሁ ቀርተዋል።

ሰብሳቢ፦
ይገባል፣ ያለ ክርክር። የጎደላትን ከየትኛውም ባች ጋር፣ ወይም በሞጁል እንድትወስድ ብለን እንጻፈው።

አሁን የሚያጨቃጭቀን መጣ፤ ፕራክቲከም።

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
ምን ያጨቃጭቃል? አሥር ዓመት ያስተማረ ሰው ማስተማር ተለማመድ ይባላል? ነፃ ይደረግ፣ ክሬዲቱም ይያዝለት።

ጋሼ (ታሪክ፣ 5ኛ ክረምት)፦
ቆይ ልጄ። እኔ ከቲቲአይ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው፣ በሰርተፍኬት ከወጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ፕራክቲከም የሚለውን ቃል የሰማነው በ1996 ቴሶ የሚባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ሲመጣ ነው። እኔ ያኔ ገና አዲስ መምህር ነበርኩ። ጥቂት ቆይቶ እኔው ራሴ ሜንተር ተብዬ ከኮሌጅ የሚላኩ ሠልጣኞችን ተቀበልኩ። ከክፍሉ ኋላ ቁጭ ብዬ ፎርም እሞላለሁ፦ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ተማሪ ማሳተፍ። ኋላ ፒጂዲቲ መጣ፤ መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና። እሱንም አየሁት። ባለፈው ክረምት ደግሞ በተራዬ ለፕራክቲከም ተመደብኩ። የሚገመግመኝ ወጣት ያንኑ ፎርም ይዞ መጣ። ሠልጣኜ ሆኖ የማውቀው ልጅ ነበር! ተሳሳቅን። ሰሌዳ አጠቃቀም ላይ ግን ቀነሰብኝ።

እንግሊዝኛ፣ 3ኛ ክረምት፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ነፃ መደረጉን አልደግፍም። ብዙ ዓመት ማስተማርና ደህና ማስተማር አንድ አይደሉም። ሁላችንም የማስተማሪያ ማስታወሻችንን ካለፈው ዓመት የምንገለብጥ ሰዎች ነን። እንተዋወቃለን።

ጋሼ (ታሪክ፣ 5ኛ ክረምት)፦
እውነትሽን ነው፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። ልጁ የቀነሰብኝም ለካ በትክክል ነው፤ የሰሌዳው ግራ ጥግ ላይ እየጻፍኩ በጀርባዬ እሸፍነዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልነገረኝም።

ስለዚህ እኔ ነፃ አድርጉኝ አልልም። ቦታውና ጊዜው ይቀየር ነው የምለው። በክረምት ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው። እርስ በርሳችን ተማሪ እየሆንን፣ አንዱ ጢሙን እያሻሸ «ቲቸር አልገባኝም» ይላል። ቲያትር ነው። ፕራክቲከሙ በበጋ፣ በገዛ ክፍላችን፣ በእውነተኛ ልጆች ፊት ይሁን። የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ ያያል፣ ከዩኒቨርሲቲው ቢያንስ አንዴ ይመጣሉ። ከዚያ ጋር አንድ ተግባራዊ ምርምር እንሥራ፣ ክሬዲቱም ይያዝ።

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
ጋሼ ካሉ እኔ ማን ነኝ። ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ጢም የማሻሸቱ ነገር ግን እኔን መሰለኝ 😄

ጂኦግራፊ፣ 5ኛ ክረምት፦
ዘግይቼ መጣሁ፣ ኔትወርክ አልነበረም። መውጫ ፈተናውንስ ለምን አንጨምርም? ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ካላመጣችሁ ዲግሪ የለም ተብሏል። ለእኛ ይቅር እንበል።

ሰብሳቢ፦
ወንድሜ፣ እሱ ከዩኒቨርሲቲው በላይ ነው፣ ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ነው። ሴኔቱ በማይወስነው ነገር ወረቀታችንን አናክብደው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ተማሪዎቻችንን ፈትነን ስናበቃ እኛን አትፈትኑን ማለት አያምርብንም። በዲፕሎማ የወሰድናቸውን ኮርሶች እንደገና ላለመማር የሚጠየቀው ኤግዘምሽንም ለብቻው ይሂድ። የኮሌጃችሁን ሲላበስ በማኅተም አስመትታችሁ አምጡ፣ ዲፓርትመንቱ በየሰው ያየዋል።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ያልነውን እንዲህ አርቅቄዋለሁ። እያያችሁ አርሙ።

«እኛ በሥራ ላይ ሆነን በክረምት መርሐ ግብር የምንማር መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት የሚከተሉትን እንዲመለከትልን በትህትና እንለምናለን። በአንድ ክረምት የሚሰጠው ኮርስ ከአራት እንዳይበልጥና አምስተኛው በበጋ በሞጁል እንዲሰጥ፤ ስሌቱ ተያይዟል። በጥር መጨረሻ የሞጁልና የድጋሚ ፈተና እንዲኖር። ያልገባ ውጤት ቀጣዩ የክረምት ምዝገባ ሳያልፍ ወደ ኤፍ እንዳይቀየርና ከጂፒኤ ስሌት ውጭ እንዲቆይ። በወሊድ ወይም በሕመም ያቋረጠ ተማሪ የጎደለውን ኮርስ ከየትኛውም ባች ጋር ወይም በሞጁል እንዲወስድ። ፕራክቲከም በበጋ፣ ተማሪው በሚያስተምርበት ክፍል፣ ከተግባራዊ ምርምር ጋር እንዲካሄድ።»

ጋሼ (ታሪክ፣ 5ኛ ክረምት)፦
ጥሩ ነው። «እንለምናለን» የምትለዋን ግን አውጫት። «እንጠይቃለን» ይበቃል። «በትህትና» ትቆይ፣ እሷ አትጎዳም።

ባዮሎጂ፣ 2ኛ ክረምት፦
ስለ ላብራቶሪ ምንም የለም።

ጸሐፊ፦
ልክ ነሽ፣ ዘልዬው ነው። «የላብራቶሪ ሰዓት በስሊፑ ላይ በተመዘገበው ልክ እንዲሰጥ» ብዬ ጨምሬያለሁ። «እንለምናለን»ም ወጥታለች።

እንግሊዝኛ፣ 3ኛ ክረምት፦
የኤንጂው ነገር ማስረጃ ይፈልጋል። ቦርድ ላይ የተለጠፈውን ያኔ በስልኬ አንስቼዋለሁ። የሌሎች ቁጥር እንዳይታይ ሸፍኜ እልካለሁ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ በዚህ እንሄዳለን። የምዝገባው ማግስት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ላይብረሪው ፊት ያለው የዋርካ ጥላ ሥር እንገናኝ። ፊርማ በየዲፓርትመንቱ አንድ ሰው ይሰብስብ። ሁላችሁም የስሊፓችሁን ኮፒ ያዙ፣ ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን የሚታዩበትን። ግቢ ውስጥ ያለው ኮፒ ቤት የምዝገባ ሰሞን ወረፋው ስለማይቀመስ እዚያው ካላችሁበት አስነስታችሁ ኑ።

ሒሳብ፣ 4ኛ ክረምት፦
እኔ ሦስት ኮፒ አለኝ። ጋሼ፣ የእርስዎንም ላስነሣ?

ጋሼ (ታሪክ፣ 5ኛ ክረምት)፦
አስነሣልኝ ልጄ። ስሊፑን ዛሬ በወንድሜ ልጅ እልክልሃለሁ።