ከባልቲሞር እስከ ሪችመንድ፦ "ደቡብ" የሚጀምረው የት ነው?

የፖቶማክ ማዶ
ሰላም ወገኖች። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሜሪላንድን፣ ዋሽንግተን ዲሲንና ቨርጂኒያን ሦስቱንም "ደቡብ" ብሎ ነው የሚመድባቸው። በዲሲ ዳርቻ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ለሚኖር ሐበሻ ግን ይህ አይዋጥለትም። ደቡብ ሲባል የሚመጣበት አላባማና ሚሲሲፒ ነው። የቤት ኪራይ ከብዶት ወደ ፍሬድሪክስበርግ ወይም ወደ ሪችመንድ ለመውረድ የሚያስብ ቤተሰብ በእርግጥ ሌላ ባህል ውስጥ ነው የሚገባው? ድንበሩስ በምን ይታወቃል? በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ምልክት ብትነግሩን።

ሐዲድ
"ደቡብ ነበረች ወይ?" እና "ዛሬስ ናት ወይ?" የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ክርክሩ ሁሌ የሚበላሸው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሜሰንና ዲክሰን የሚባሉት ቀያሾች ከ1763 እስከ 1767 የለኩት መስመር ፔንሲልቬንያን ከሜሪላንድ የሚለይ ነው፤ በተለምዶም የሰሜንና የደቡብ ድንበር ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ በመስመሩ ከሄድን ባልቲሞርም ደቡብ ናት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ሜሪላንድ ከሰሜኑ ጋር ብትቆምም ባርነት የቀረባት በኅዳር 1864 ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሪያዎችን ነፃ ያወጣበት አዋጅ የተገነጠሉትን ግዛቶች ብቻ ስለሚመለከት እሷን አልነካትም። ዲሲ ቀድማ በሚያዝያ 16 ቀን 1862 ነፃ አወጣች፤ ቀኑ ዛሬም የከተማዋ በዓል ነው።

አሌክሳንድሪያን ደግሞ እንደ ሰሜን ከተማ የሚያይ ሰው ዱክ ጎዳና ቁጥር 1315ን ይጎብኝ። በ1828 የተከፈተው ይህ ቤት በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ናቼዝ እየጫነ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነበር፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ከተማዋ ራሷ የዲሲ አካል ነበረች። ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው ኮንግረስ በ1846 ፈቅዶ በ1847 ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በዲሲ የባሪያ ንግድ ይከለከላል የሚል ስጋት ነበር። ስጋቱ ልክ ነበር፤ ንግዱ በ1850 ተከለከለ።

በዘር መለያየት ዘመን ድንበሩ በግልጽ የሚታየው ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ላይ ነበር። ከኒውዮርክ እንደ ማንም ተቀምጦ የመጣ ጥቁር ተሳፋሪ ወደ ደቡብ የሚቀጥል ከሆነ እዚያ ወርዶ ለጥቁሮች ወደተለየው ፉርጎ ይዛወር ነበር። በነሐሴ 1939 አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጥቁር ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ገብተው መጽሐፍ ለማንበብ በመቀመጣቸው ታሰሩ። አርሊንግተን የመጀመሪያዎቹን አራት ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ትምህርት ቤት ያስገባችው በየካቲት 2 ቀን 1959 ነው። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያው ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፤ እስከ 1964 አልከፈታቸውም።

ስለዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ በታሪኳ ያለ ጥርጥር ደቡብ ናት። ዛሬ የማትመስለው የፌዴራል መንግሥት ሥራ፣ ፔንታጎንና ከሁሉም አገር የመጣው ሕዝብ ስለሸፈናት ነው። ፕሪንስና ዋሽንግተን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ከ1889 ጀምሮ ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ የቆመው የኮንፌዴሬት (የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች) ወታደር ሐውልት እንኳ የተነሣው በ2020 ነው።

ጓዳ
ታሪኩ ልክ ነው። ጠያቂያችን ግን ዛሬ የሚሰማ የሚታይ ምልክት ነው የፈለጉት፤ እኔ በጆሮና በማዕድ ልመልስ።

መጀመሪያ ጆሮ። እንግሊዝኛ "አንተ"፣ "አንቺ"፣ "እናንተ"፣ "እርስዎ" ብሎ አይለይም። የደቡብ ሰው ግን "እናንተ" የሚለውን በ"ያል" ሞልቶታል፣ "እርስዎ" የሚለውንም በ"ሰር" እና በ"ማም"። ልጅ ለአዋቂ "የስ ማም" ብሎ ሲመልስ ከሰሙ ደቡብ ገብተዋል። "ያል" ብቻውን አይበቃም፤ አሁን በየአገሩ ወጣቱ ሁሉ ይለዋል። የተሻለው መፈተኛ እስክሪብቶና ስፒል ነው፦ "ፔን" እና "ፒን" ሲል ሁለቱንም "ፒን" የሚያደርግ ሰው አነጋገሩ የደቡብ ነው። አርሊንግተን ላይ ብዙ አይሰሙትም፤ ከሪችመንድ ወደ ታች ባሉት የገጠር ከተሞች ግን ይሰማል።

ሁለተኛው ሻይ ነው። ምግብ ቤት ገብተው "ቲ" ብቻ ይበሉ። ትኩስ ነው ቀዝቃዛ ብለው ከጠየቁዎት ገና ሰሜን ነዎት። በረዶ ያለው ያልጣፈጠ ካመጡልዎት መሀል ላይ ነዎት። ሳይጠይቁ ጣፋጭ ቀዝቃዛ ካቀረቡ ደርሰዋል። በቤት ሲሠራ፣ ለአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) አራት ትልልቅ የሻይ ከረጢት በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከረጢቱ አይጨመቅም፣ ይመራል። በጣት ቁንጥር የሚያህል የመጋገሪያ ሶዳ ምሬቱን ይሰብረዋል። ከአንድ ኩባያ እስከ አንድ ተኩል ስኳር ገና ትኩስ ሳለ ነው የሚገባው፤ በቀዝቃዛ ላይ ስኳር ሥር ይቀመጣል እንጂ አይሟሟም። "ያልጣፈጠ ስጡኝ፣ እኔ ስኳር እጨምራለሁ" የሚለው መፍትሔ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ ውሃ ሞልቶ ፍሪጅ ይገባል። ትኩሱን ካስገቡት ይደፈርሳል።

ግሪትስ የሚባለው የበቆሎ ክክ ገንፎ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፦ አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ፣ በቀስታ እየበተኑ እያማሰሉ። በአንድ ጊዜ ከተደፋ እንደ ገንፎ ይጓጉላል። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨው ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል።

ጾመኛና ሙስሊም ወገን ይህን ልብ ይበል። እዚህ አገር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጎመን የሚሠሩበት ኮላርድ ግሪንስ የደቡብ ዋነኛ አትክልት ነው። የደቡብ ማብሰያ ቤት ግን ጎመኑን የሚቀቅለው ከተጨሰ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ጋር ነው። አረንጓዴው ባቄላም እንዲሁ፤ ቢስኪት የሚባለው ለስላሳ ትንሽ ዳቦም በአሳማ ስብ ሊለወስ ይችላል። ሥጋው ተለቅሞ ስለሚወጣ በሳህኑ ላይ አይታይም። "ሥጋ አለበት ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አስተናጋጁ በቅንነት "የለም፣ አትክልት ነው" ሊልዎት ይችላል። "በምን ተቀቀለ?" ብለው ይጠይቁ። ብዙ ቤት አሁን በአሳማው ፈንታ የተጨሰ የቱርክ ዶሮ ያደርጋል፤ ለሙስሊሙም ለጾመኛውም ያው አይሆንም።

አናኮስቲያ
ጓዳ፣ በሻይ መለካቱ ጥሩ ነው፤ ግን በዚያ መለኪያ ዲሲን ከደቡብ የሚያወጣ ሰው ግማሿን ከተማ ብቻ ነው ያየው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የዲሲ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ነበር፤ ብዙው ቤተሰብም ከቨርጂኒያና ከሁለቱ ካሮላይናዎች የመጣ ነው። የዲሲ የራሷ የሆነው የጎ-ጎ ሙዚቃ አባት ቻክ ብራውን እንኳ የተወለደው ሰሜን ካሮላይና ነው። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እሑድ ጧት ባርኔጣ አጊጠው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትን እናቶች፣ ዓርብ የሚጠበሰውን ዓሣ፣ በየበረንዳው የሚሰጠውን ሰላምታ ያየ ሰው ደቡብን አይቷል። ደቡብ የኮንፌዴሬሽን ባንዲራ ያነገበ ነጭ ብቻ አይደለም። ይህ ስህተት ሲደጋገም ያሳዝነኛል፤ የደቡብን ማዕድ በአብዛኛው ያበሰለው፣ ዜማውንም ያመጣው ጥቁሩ ሕዝብ ነውና።

ባልቲሞርን በተመለከተ በሐዲድ ሐሳብ በግማሽ እስማማለሁ። የወደብ፣ ቀድሞም የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ተደርድረው የተያያዙት የጡብ ቤቶቿ ከፊላደልፊያ ጋር ያዛምዷታል። ማዕዷ ከቼሳፒክ ባሕር ነው፦ በሆምጣጤ እንፋሎት የበሰለ ሸርጣን፣ ላዩ ላይ በ1939 ባልቲሞር ውስጥ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ ቅመም ነጋዴ ያዘጋጀው ኦልድ ቤይ የሚባል የቅመም ድብልቅ። ወደ ሉዊዚያና ከወረዱ ሸርጣኑ ይቀቀላል እንጂ በእንፋሎት አይበስልም።

ለአፍሪካውያን ግን የሜሪላንድ ደቡብነት የተፈተነው በሩት 40 ላይ ነው። ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን በዚያ መንገድ የሚነዱ የአዲሶቹ የአፍሪካ አገሮች ዲፕሎማቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች አናስተናግድም ይባሉ ነበር። በ1961 የቻድ አምባሳደር ላይ የደረሰው የኬኔዲን መንግሥት አሳፍሮ ምግብ ቤቶቹ እንዲከፈቱ ግፊት አስነሣ።

የፖቶማክ ማዶ
አመሰግናለሁ፤ የጎመኑ ነገር በተለይ ብዙ ሰው ይጠቅማል። ታዲያ ፍሬድሪክስበርግና ሪችመንድ በዚህ ሚዛን የት ይቀመጣሉ? ኖርፎክስ?

ሐዲድ
አናኮስቲያ ልክ ናቸው፤ ስለ ዲሲ ያሉትን እቀበላለሁ።

ፍሬድሪክስበርግ ደፉ ላይ ናት። ከዲሲ 50 ማይል ገደማ ትርቃለች፣ ከሪችመንድም እንደዚያው። በታኅሣሥ 1862 ሁለቱ ጦሮች የተፋጠጡበት የራፓሃኖክ ወንዝ ያልፍባታል፤ ብዙ ቨርጂኒያዊም "ትክክለኛው ደቡብ ከዚህ ወንዝ ይጀምራል" ይላል። ኑሮዋ ግን ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በሥራ ቀን ጧት ሠራተኛውን ወደ ዲሲ የሚወስድ ቪአርኢ የሚባል ባቡር አላት። ከመኪና መንገዱ ዳር ያሉት አዳዲስ ሰፈሮች ለዲሲ ቅርብ ከሆነችው ከዉድብሪጅ አይለዩም። መሀል ከተማዋና ከእሷ ወደ ምዕራብ ያለው ገጠር ሌላ ነው።

ሪችመንድ ደቡብ ናት፤ አያከራክርም። ከ1861 እስከ 1865 የኮንፌዴሬሽን ዋና ከተማ ነበረች። የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል የሮበርት ሊ ሐውልት በሞኑመንት ጎዳና ላይ ከ1890 እስከ 2021 ቆሟል። በዚያችው ከተማ፣ ጃክሰን ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ማጊ ዎከር በ1903 ባንክ አቋቁማለች፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ናት። ለሚዛወር ቤተሰብ የሚታየው ለውጥ ግን ቀላል ነው፦ የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይላል፣ ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳብ ሳይሠራ ወሬ ይጀምራል፣ "የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?" የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ትውውቅ ሊመጣ ይችላል። ይህን እንደ ምርመራ አትቁጠሩት። በእኛ አገር "የማን ልጅ ነህ?" እንደሚባለው ነው። ሳይመልሱ ወደ ጉዳይ መግባት ግን እንደ ኩራት ይቆጠራል፤ ከዲሲ የሚወርድ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኖርፎክ በካርታ ከሪችመንድ ደቡብ ብትሆንም የባሕር ኃይሉ ሰፈር በየጊዜው ከመላው አሜሪካ ሰው ስለሚያመላልስ ደቡብነቷ ይሳሳል። ከእሷ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለችው ስሚዝፊልድ ግን በጨው ታሽቶ በተጨሰ የአሳማ ሥጋ የታወቀች ናት፤ ስሙን መጠቀም የሚችለው የትኛው ሥጋ እንደሆነ የቨርጂኒያ ሕግ ከ1926 ጀምሮ ደንግጓል። እዚያ ጎመን የሚያዝ የጓዳን ጥያቄ አይርሳ።