የጥለቱ ቀይ ነጩን በከለው

ጤና ይስጥልን። ጅማ ላይ ከእጅ ሸማ ጃኬት እንሰፋለን፤ ቀለም ላይ ተቸግረናል።

ጨርቁ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ሳይዘፈዘፍ ከተቆረጠ ሲታጠብ ይገባል። 1 ሜትር ለክተን ስንዘፈዝፈው በድሩ 7፣ በማጉ 3 ሳንቲሜትር አጠረ። ገበሩ ፖሊስተር ስለሆነ አይገባም፤ ከጠርዙ በታች ተዘርግፎ ይወጣል። ስለዚህ አሁን ሌሊቱን ዘፍዝፈን፣ ጥላ ላይ አድርቀን፣ ተኩሰን ነው የምንቆርጠው።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ፦ ሲዘፈዘፍ የጥለቱ ቀይ ወደ ነጩ ይፈሳል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ስናሽበት ቀዩ ብቻ ለቀቀ፤ አረንጓዴውና ቢጫው ምንም አላሉም። ክረምት ላይ ደግሞ እዚህ እንኳን ጋቢ ነጠላም ቶሎ አይደርቅ፤ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር ብክለቱ ይሰፋል። ጨውና ኮምጣጤ ሞክረናል፣ ለውጥ የለም (ኮምጣጤ ለሱፍ እንጂ ለጥጥ ቀለም እንደማይሆን እያወቅን፣ ሰው ሁሉ ስለመከረን ነው)።

ቀዩን ክር ሸማኔው ከመሸመኑ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ብናጥበው ትርፍ ቀለሙ ይወጣል? ስንት ጊዜ፣ ውሃው ምን ያህል ሞቆ? የተበከሉትን 4 ጃኬቶችስ ጥለቱን ሳናደበዝዝ ማጽጃ አለ? በረኪና አትበሉን፣ ጥለቱን ይበላዋል።